አራት ዓይነት ዝምታ

ተረት ተረት! የላም በረት!

በድሮ ጊዜ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ደጋ ላይ አራት እኅትማማች ከተሞች ነበሩ። ስማቸው ቶሪየም፣ ዩራኒየም፣ ኔፕቱኒየምና ፕሉቶኒየም ይባላል። አራቱም የኦክሳይድ ዘር ናቸው፤ አራቱም የተሠሩት በአንድ ንድፍ ነው። አባወራው በኪዩብ ግቢ መካከል ይቀመጣል፤ በግቢው ስምንት ማዕዘን ላይ ስምንት ኦክስጅኖች ቆመው ያጅቡታል። እያንዳንዷ ኦክስጅን ደግሞ በአራት አባወራዎች መካከል ስለምትኖር የአራቱንም ጓዳ ታውቃለች። ከተሞቹን ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው አባወራው «5ኤፍ» በሚባለው ውስጠኛ እልፍኝ ስንት ኤሌክትሮን ያሳድራል የሚለው ላይ ነው፤ ቶሪየም ምንም የላትም፣ ዩራኒየም ሁለት፣ ኔፕቱኒየም ሦስት፣ ፕሉቶኒየም አራት።

ከደጋው ግርጌ የብረት አገር ይገኝ ነበር። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ይኖራል። አንዱ ጎረቤቱን አይቶ ይቆማል፤ ጎረቤቱም ወዲያኛውን አይቶ ይቆማል፤ ሙቀቱ 770 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ከዚህ ልማድ የሚያናውጣቸው የለም። ንጉሡ በዚህ ይኮሩ ነበር። «ሕዝብ በፊቱ ይታወቃል» ይላሉ። «ፊቱ ወደ አንድ ያልዞረ፣ ወይ ሥርዓት የለውም ወይ ከነጭራሹ ሕዝብ አይደለም።»

ንጉሡ ባላምባራስ መርፌ የሚባል አንድ ታማኝ ነበራቸው፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ከኮምፓስ ቤት የተወለደ። ሥራው ወደ ተላከበት አገር ደጃፍ ቀርቦ መቆም ነው። ውስጥ ያለው ሕዝብ ወደ ሰሜን ካደላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ ካደላ ወደ ደቡብ ይዞራል። ካላደላ እንደቆመ ይመለሳል። ንጉሡ የሰውን ልብ የሚያውቁት በእርሱ በኩል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መርፌ ወደ ደጋው ተላከ። አራቱንም ከተሞች በየደጃፋቸው ቆሞ አዳመጠ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልዞረም። ተመልሶም እጅ ነሣና፣ «ጃንሆይ፣ አራቱም ዝም ያሉ ናቸው» አለ።

«ባዶ ቤት ነዋ!» አሉ ንጉሡ። «ሂድና ቅጥሩን ለካ። ግብር የምንጥልበትን እናውቃለን።»

መርፌ ዳግመኛ ወጣ። በዩራኒየም ከተማ ቅጥር ሥር እየተንደረደረ ሲለካ ከማዕዘኑ የቆሙ አንዲት አሮጊት ኦክስጅን ጠሩት።

«ልጄ፣ ምን ትለካለህ?»

«ባዶውን ቤት ነው እማማ።»

አሮጊቷ ሳቁ። «አራቱንም ነው ባዶ ያልከው? አንዷን እንኳ እውነትህን ነው። ቶሪየም በእልፍኟ የሚያድር ስለሌላት ዝም ብላለች፤ ብትጫናትም ብትለምናትም የሚመልስልህ አታገኝም። ፕሉቶኒየም ግን ባዶ አይደለችም። በየቤቱ አራት አራት አሉ፤ ነገራቸውን እዚያው ጓዳ ውስጥ ጨርሰው፣ ተቻችለው፣ ወደ ውጭ ምንም እንዳይወጣ አድርገው ነው የተኙት። እነርሱን ከዚያ ስምምነት ለማውጣት ከባድ ዋጋ ይጠይቃል። ኔፕቱኒየም ደግሞ ከሁሉ ረቂቋ ናት። ብርዱ ከዜሮ በታች 248 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከተማው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይስማማል፤ የሚስማሙት ግን ወዴት እንመልከት በሚለው ሳይሆን እንዴት ባለ ቅርፅ እንቀመጥ በሚለው ነው። አንተ አቅጣጫ እንጂ ቅርፅ ማንበብ ስላልተማርክ፣ በፊትህ ጉባኤ ተቀምጦ ሳለ ማንም የለም ብለህ ትሄዳለህ።»

(እዚህ ላይ ተራኪው ጣልቃ ይግባ፦ አሮጊቷ አላጋነኑም። ኔፕቱኒየም ኦክሳይድ በዚያ ቅዝቃዜ አንድ ነገር እንደሚሆን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1953 ከሙቀት ልኬት አውቀዋል። ማግኔት ሳይወጣው ምን ዓይነት ሥርዓት እንደያዘ ግን ለአሥርት ዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቶ፣ መልሱ የጠራው በ2002 ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ የኤክስሬይ ምርመራ ነው።)

«እናንተስ?» አለ መርፌ።

«እኛማ ሁላችንም ነቅተናል። እኔን የከበቡኝን አራት አባወራዎች ተመልከት። እያንዳንዳቸው በኪዩቡ ሰያፍ መስመር ላይ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ያያሉ። አራት አባወራ፣ አራት ሰያፍ፣ አራት አቅጣጫ። አራት ሰው አንድ ቀለበት በአራት ገመድ በእኩል ጉልበት ሲጎትት ቀለበቱ ይነቃነቃል እንዴ? አንተ ደጃፍ ላይ ቆመህ የምታየው ቀለበቱን ነው። ገመዱ ምን ያህል እንደተወጠረ አታይም።»

መርፌ አላመነም። አሮጊቷም ወደ እግራቸው አመለከቱት። «ብርዱ ከዜሮ በታች 242 ዲግሪ ሲሆን ነው አራቱ አቅጣጫቸውን የያዙት፤ ቀስ በቀስ ሳይሆን ባንዴ። የዚያን ዕለት እኔም ከቆምኩበት ተገፋሁ። እነሆ አሻራው።» መርፌ ጎንበስ ብሎ አየ። የመንደሩ አንድ ክፍለ ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ 547 ፒኮሜትር ነው፤ አሮጊቷ የተገፉት 1.4 ፒኮሜትር። ከአራት መቶ እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። ግን በከተማው ያሉ ኦክስጅኖች ሁሉ በተመሳሳይ ልክ፣ በየሰያፋቸው ተገፍተው ነበር። ዝም ያለ ሕዝብ ውስጥ ውጥረት እንዳለ የሚታወቀው ከመካከል የቆመው ሰው እግሩ ከቦታው ሲንሸራተት ነው።

መርፌ ወርዶ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ንጉሡ የሰሙት ግን «ሁላችንም ነቅተናል» ያሉትን ብቻ ነበር።

«ነቅተዋል? እንግዲያውስ ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው!» አሉና እሳት እንዲነድ አዘዙ። ይህ በአገራቸው የማይሻር ሕግ ነው። ዩራኒየም ግን ብረት አይደለችም። ሙቀቱ ያንን 242 ዲግሪ አልፎ ሽቅብ እንደወጣ አራቱ አባወራዎች አቅጣጫቸውን ጣሉ፤ ሁሉም በየፊናው ይዞር ጀመር። ንጉሡ የጋለውን ቢቀጠቅጡት መርፌ ዝንፍ አላለም። ስምምነት በሌለበት የሚናጋ ስምምነት የለም። እሳቱ ሲጠፋና ብርዱ ሲመለስ ሁሉም ወደየሰያፉ ተመለሰ።

ከዚያ የንጉሡ አማካሪዎች፣ «በብርዱ እንጫናቸው» አሉ። ጫናውን ከስድስቱም ገጽ በእኩል መጠን ጣሉት። ከተማዋ ጠበበች፤ ግቢው ሁሉ ተጨናነቀ፤ ሆኖም አራቱ ሰያፍ በእኩል ስላጠሩ ሚዛኑ አልተዛባም። መርፌ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ በአንድ ገጽ ብቻ፣ ከላይ ቀጥ ብለው ተጫኑ። ኪዩቡ ተጨፈለቀ፤ አጠረ፤ ተንሰራፋ። አሁንም አራቱ ሰያፍ የደረሰባቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ከሌላው አልበለጠም። መርፌ ዝም።

«አየህ?» አሉ ንጉሡ። «ቢነቁም ባይነቁም ለእኛ አንድ ነው።»

ጥፋት የመጣው በአንድ ችኩል ግብር ሰብሳቢ ነው። ገጹ ሩቅ ስለሆነበት በአቅራቢያው ባለው ማዕዘን ላይ ተደግፎ ተጫነ። ጫናው ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፉ ሄደ። በዚያ ሰያፍ የሚያየው አባወራ የደረሰበትና ሦስቱ የደረሰባቸው እኩል አልሆነም። ከተማዋ ተንሻፈፈች። ሚዛኑም ተዛባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዩራኒየም ከተማ የሚወጣ አቅጣጫ ተሰማ። መርፌ ተንቀጠቀጠ።

ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዞረም። በከተማዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰፈሮች ነበሩ። በአንደኛው ሰፈር አራቱ አባወራዎች በሰያፋቸው ወደ አንድ ወገን ያያሉ፤ በሁለተኛው ሰፈር ያሉት በዚያው ሰያፍ ፊታቸውን በተቃራኒው አዙረዋል። ሲጫኗቸው የፊተኞቹ ወደ ሰሜን፣ የኋለኞቹ ወደ ደቡብ ይመልሳሉ። ሰፈሮቹ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ የአንዱ መልስ የሌላውን ያጠፋል። ለዚያ ሁሉ ጫና የተረፈው የመርፌ ንዝረት ብቻ ነበር።

ብልህ ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ እዚህ ላይ ይተዉት ነበር። እሳቸው ግን መንቀጥቀጡን አይተው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጡ። በነጋታው፣ «እነዚህ ሁለት ሰፈሮች አንድ ሆነው ወደ እኔ ይዙሩ!» ብለው ታላቁን አውሎ ነፋስ ጠሩ። አውሎው መግነጢሳዊ መስክ ይባላል። 5 ቴስላ ነፈሰ፤ ከተማዋ ፍንክች አላለችም። 10 ነፈሰ፤ ምንም። 15 ነፈሰ፤ አባወራዎቹ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሆስፒታል ገብቶ ኤምአርአይ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተኛው በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ ውስጥ ነው። አውሎው 18 ቴስላ ሲደርስ የደቡቡ ሰፈር ሰዎች በአንድ ቅጽበት ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱ ሰፈሮች አንድ ሰፈር ሆኑ። ከተማዋ በሰያፉ ላይ ተለጠጠች።

ከዚያም ንጉሡ አውሎውን አስቆሙ። መርፌ ወደ ደጃፉ ቀረበ። ዝምታ። አራቱ አባወራዎች አሁንም በአራት አቅጣጫ ስለሚያዩ ድምራቸው ያው ባዶ ነው። በቤተ መንግሥት ከበሮ ተመታ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ «ዩራኒየም ተገራች!» ተባለ።

ተረት ብዬ ጀመርኩ እንጂ ከተማይቱ አለች። የኬሚስትሪ ሊቁ ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1789 በርሊን ውስጥ ዩራኒየምን አገኘሁ ሲል በእጁ የያዘው ጥቁር ዱቄት ራሱ ብረቱ ሳይሆን ኦክሳይዱ ነበር፤ ይህን ፈረንሳዊው ፔሊጎ በ1841 እስኪያሳይ ድረስ የኬሚስትሪው ዓለም ከተማዋን በሌላ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የሚሞቁት በዚህ በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። እዚያ ምድጃ ውስጥ ግን ሙቀቱ ከሺህ ዲግሪ ስለሚያልፍ አራቱ አባወራዎች አቅጣጫ የሚባል አያውቁም። ምስጢራቸው የሚወጣው በብርድ ነው።

ሲጫኑት ማግኔት የሚያወጣ፣ ማግኔት ሲቀርበው ደግሞ ቅርፁን የሚለውጥ፣ ይህንንም ከጫናው ጋር በቀጥታ ተመጣጥኖና አቅጣጫ ለይቶ የሚያደርግ ቁስ ሊኖር እንደሚችል የሶቪየቱ ፊዚሲስት ጃሎሺንስኪ በ1957 በወረቀት አሳይቶ ነበር። ጠባዩ ፒየዞማግኔትነት ይባላል። ብዙም ሳይቆይ በኮባልትና በማንጋኒዝ ፍሎራይድ ላይ ታየ። በ2017 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ፣ አሜሪካ በሚገኘው በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው በአንድ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ቀጭን የመስታወት ክር ለጥፈው፣ በሚሊሰከንዶች መጥቶ የሚሄድ ኃይለኛ መስክ በሰያፉ ላይ ለቀቁበት። ክሩ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን የክሪስታሉን መለጠጥና ማጠር ይናገራል። መስኩ ሲገለበጥ ክሪስታሉ ይለጠጥ የነበረው አጠረ፤ በተቃራኒው 18 ቴስላ ሲደርስ ግን ዘሎ እንደገና ተለጠጠ። በቀጣዮቹም ዙሮች ይህንኑ ደገመ። የመጨረሻ የተቀበለውን አውሎ ያስታውሳል ማለት ነው። እስከዚያን ጊዜ ከታወቁት ፒየዞማግኔቶች ሁሉ ሐሳቡን ለመለወጥ እንደ እርሱ ያስቸገረ አልነበረም።

ወደ ከበሮው እንመለስ።

ከድግሱ ማግስት ያ ችኩል ግብር ሰብሳቢ ወደ ዩራኒየም ወጣ። እንደ ልማዱ ማዕዘኑ ላይ ተደገፈ። መርፌ በአንድ ጊዜ ተሽከርክሮ ወደ ሰሜን ቆመ። ሰብሳቢው ደንግጦ ማዕዘኑን ወደ ራሱ ጎተተው፤ መርፌ ዞሮ ወደ ደቡብ ቆመ። ገፋ፤ ሰሜን። ጎተተ፤ ደቡብ። ጥቂት ሲገፋ ጥቂት፣ ብዙ ሲገፋ ብዙ። ከተማዋ የደረሰባትን ሁሉ በልኩ መመለስ ጀመረች።

ንጉሡ ሲሰሙ ራሳቸው ወጡ። በእጃቸው ገፉት፤ መርፌ ፊት ለፊታቸው ዞረ። አሮጊቷን ኦክስጅን አስጠርተው፣ «ትናንት ዝም ያላችሁ ዛሬ ማን አፍ ሰጣችሁ?» ብለው ተቆጡ።

«ጃንሆይ» አሉ አሮጊቷ፣ «ትናንትም አፍ ነበረን። እርስዎ ሲጫኑን እኩሌታችን እንዲህ፣ እኩሌታችን እንዲያ ስንል አንዳችን የአንዳችንን ቃል እያጠፋን ኖርን። ያንን ልዩነት እኛ ልናስወግደው አልቻልንም። እርስዎ በአንድ ቀን አስወገዱልን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን አንበሳው ራሱ ሲፈትል ያየነው ግን በእርስዎ ዘመን ነው።»

ንጉሡ አውሎውን በተቃራኒው አስነፈሱ። 5፣ 10፣ 15 ቴስላ፤ ከተማዋ የያዘችውን አልለቀቀችም። 18 ሲደርስ ፊቷን አዞረች፤ ነገር ግን የዞረችው ሁሉም አንድ ላይ ነበር። አሁን ሲገፏት ደቡብ፣ ሲጎትቷት ሰሜን ትላለች። መልሱ ተገለበጠ እንጂ አልጠፋም።

«ቀድሞ እንደነበሩት ተቀላቅለው ይለያዩልኝ!» አሉ ንጉሡ።

«ለዚያ አንድ መንገድ ብቻ አለ» አሉ አሮጊቷ። «ብርዱን ያንሡልን። 242ቱን አልፈን እንሙቅ፣ ሁሉም አቅጣጫውን ይጣል፣ ከዚያ ያለ እርስዎ አውሎ በገዛ እጃችን እንደገና እንቀዝቅዝ። ሰፈሩ ያኔ እንደ ድሮው ይቀላቀላል።»

ንጉሡ አሰቡበት። ብርዱን ማንሣት ማለት ያስገበሩትን ከተማ ለአንድ ሌሊት እንኳ ያለ ጌታ መተው ነው። አውሎውንም ቤት መመለስ አለባቸው። ያንን አልወደዱም። ቢሆንም ማዕዘን በተነካ ቁጥር የመርፌን መዞር አገር እያየው ነበር፤ በሌሎች ገባሮች ዘንድም፣ «መርፌ ዛሬ ስንት ጊዜ ዞረ?» የሚል ጥያቄ መጠየቅ ተጀምሯል።

በመጨረሻ ጸሐፌ ትእዛዙን ጠርተው አዋጅ አስጻፉ። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ግብር ሰብሳቢ በዩራኒየም ከተማ ማዕዘን ላይ እንዳይደገፍ። ጫና የሚጥል ቢኖር ከስድስቱም ገጽ በእኩል ይጣል። ከአንዱ ጥግ አብልጦ የተጫነ፣ መርፌው በዞረበት ልክ ይቀጣል።»

የብረት አገር ሰዎች አዋጁን ሲሰሙ ንጉሣችን ፍትሕ ወደዱ ብለው እልል አሉ። ባላምባራስ መርፌ ግን አላለም። እርሱ አዋጁ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ማዕዘኑን ሊደገፍ የሚመጣ ሰብሳቢ ሁሉ እርሱን አየት አድርጎ እጁን ሲሰበስብ ይቆጥር ነበር።